አንጀት አጣቢዋና መካከለኛው ቫዮል

ኦውልበሪ ከተማ ውስጥ ቶማሲን ፔልን ዓይን ከማየቱ በፊት አፍንጫ ያውቃት ነበር። ቤቷ ከከተማው ግርጌ፣ ወንዙ ቄራውን አልፎ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ውሃ አይቀዳም፣ ልብስም አያጥብም። ግቢዋ ውስጥ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ በርሜሎቹ ውስጥ የበግ አንጀት በአመድ ውሃ ተዘፍዝፏል። ከበስተጀርባ፣ ከአጥር እስከ አጥር በተዘረጋ እንጨት ላይ፣ የተገመዱ የአንጀት ክሮች ተወጥረው ይደርቃሉ። እነዚህ ክሮች ናቸው ተፍቀው፣ ዘይት ጠጥተው፣ ሽቅብ ወደ ኮረብታው ወጥተው፣ በባለጸጋ ቤት፣ በጉልበት መሃል ተይዞ በደጋን ለሚመታው ለቫዮል አውታር የሚሆኑት።

ገበያ ስትወጣ ሰዉ መንገድ ይለቅላት ነበር። ይኸንን ስታይ ትስቃለች። «ጳጳሳቱን ፓርላማው ሻራቸው» ትላለች፤ «እኔን ግን የሚሽረኝ ጠፋ። አሁንም እንደ ጳጳስ ሳልፍ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ይከፈላል።»

ሙያውን ያስተማራት ባሏ ጊልበርት ነበር። የሥጋ ሻጭ ልጅ ስለሆነች አንጀት አትጠየፍም፤ ጊልበርትም ከመንደሩ ልጃገረዶች መሃል እሷን የመረጠው በዚሁ ሳይሆን አልቀረም። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ጠምዝዘው፣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ንዳድ ወሰደው። ልጅ አልነበራቸውም። ከቀብሩ በኋላ «ሴት የገመደችው አውታር አይበረክትም» የሚል ወሬ ተነሣ። ቶማሲን ወሬውን ሰማች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የማግስቱን አንጀት አጠበች። ከቆላ የሰባ በግ ይልቅ ከተራራው ዳር የከሳው በግ አንጀት እንደሚሻል፣ ከአሮጌ በግ ይልቅ የጠቦቱ እንደሚጠነክር፣ በዝናብ ቀን የተገመደ ክር በፀሐይ ቀን እንደሚከዳ ከባሏ በላይ ታውቅ ነበር።

አውታር ስትፈትን ማየት ደስ ይል ነበር። ክሩን በሁለት እጇ ወጥራ ወደ ብርሃን ትይዛለች፤ በአንድ ጣቷ ትመታዋለች። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ሆኖ ከታየ እውነተኛ ነው። በመሃል ሌላ ጥላ ከተወዛወዘ ግን ውሸተኛ ነው፤ ምንም ቢቃኙት ዜማ አይገጥምም። ውሸተኛውን ያለ ርኅራኄ ለአጥር ማሰሪያ ታደርገዋለች። አጥሯ በአገሩ አንደኛ ጠንካራ አጥር ነበር።

አውታር ፈላጊው ሁሉ አሽከር ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። ራሳቸው የሚመጡት መምህር አምብሮዝ ላይን ብቻ ነበሩ። እኚህ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ተጫውተዋል። በንጉሡና በፓርላማው ጦርነት ጊዜ ወታደሮች መጥተው «ይኸ የጣዖት ፉጨት ነው» ብለው ኦርጋኑን አወረዱት፤ ቧንቧዎቹን መንገድ ላይ እየነፉባቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ከአንድ ኮርቻ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖራሉ፤ ቫዮል እያስተማሩ ያድራሉ። በመላው እንግሊዝ እንዲያ ነበር ያኔ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተባረረ ዜማ ሰው ቤት ገብቶ ተጠለለ።

«ቶማሲን፣ አለሽ ወይ?» ይላሉ ከበሩ ላይ ቆመው።

«ሽታዬን ለማን ትቼ የት እሄዳለሁ መምህር? ይግቡ። እንደ ሰዉ አፍንጫዎን ይያዙ እንጂ፣ አልቀየምም።»

«ሁለቱ እጆቼ ባርኔጣ ይዘዋል፤ ሦስተኛ አልተሰጠኝም።»

በእርግጥ አንድም ቀን አፍንጫቸውን አልያዙም። ቶማሲን ለእሳቸው የምትመርጠው አውታር ለሌላው ከምትሰጠው አንድ ደረጃ የሚሻለው ስለዚሁ ነበር፤ ይኸን ግን ነግራቸው አታውቅም።

ኮረብታው ላይ የሱፍ ነጋዴው ሃምፍሪ ቶላርድ ይኖር ነበር። በቤቱ አንድ የቫዮል ሣጥን ነበረው፤ ስድስት ቫዮሎች፣ ሁለት ትናንሽ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ትላልቅ፣ ለየራሳቸው በተሠራ አልጋ ላይ የሚተኙበት። ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሣጥኑ አራቱ ይወጣሉ። ቶላርድ ትልቁን ይዞ ታች ታች ይላል፤ ሚስቱ ሌቲስ ትንሹን ይዛ ላይ ላይ ትሮጣለች፤ መምህር አምብሮዝ በሁለተኛው ትንሽ ይከተሏታል፤ የቶላርድ እኅት ጆኮሳ መካከለኛውን ትይዛለች። ሁለቱ ግን ከሣጥን አይወጡም። የነጋዴው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ የሚጫወቱባቸው። አንዱ ለንጉሡ፣ አንዱ ለፓርላማው ዘመቱ። ሁለቱም አልተመለሱም።

በአንድ እርጥብ ጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ የቶላርድ አሽከር ቁልቁል መጣና የተበጠሱ አውታሮች ከቶማሲን እግር ሥር ወረወረ።

«ጌታዬ ‘ውሸተኛ አውታር ነው’ ብለዋል። ከእንግዲህ ከለንደን ነው የሚያስመጡት።»

ቶማሲን የያዘችውን አንጀት ወደ በርሜሉ መለሰች። እጇን በኮምጣጤ ታጠበች፣ እንደገና ታጠበች፣ የእሑድ ቀሚሷን ለበሰች፣ ብጥስጣሹን በመሐረብ ቋጥራ በቀትር ዳገቱን ወጣች። በሩን የከፈተችላት ራሷ ሌቲስ ነበረች፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ከልጆቿ ወዲህ ከጥቁር ሌላ የማትለብስ ሴት።

«በጓሮ በኩል ዙሪ» አለቻት።

«በጓሮ በኩል የሚገባው አንጀት ነው እሜቴ። እኔ የመጣሁት ስለ አውታር ነው።»

ሌቲስ በሩን ልትዘጋው ስትል ከውስጥ የመምህር አምብሮዝ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ያስገቧት እሜቴ! ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ ሞቷል አይባልም።»

ቶማሲን ገባች። ትልቁን ቫዮል አንሥታ መስኮቱ አጠገብ ያዘችው። የተበጠሱትን ክሮች ከመሐረቧ አውጥታ አንድ በአንድ ለካቻቸው።

«ሦስቱም እዚህ ጋ ነው የተበጠሱት፣ አንድ ቦታ። ጥፋቱ የክሩ ቢሆን ደስ ባለው ቦታ ይበጠስ ነበር።» ከአንገቱ ጫፍ፣ አውታሮቹ በሚያርፉባት አጥንት ላይ ጥፍሯን አሳለፈች። «ይኸ አጥንት አዲስ ነው። ማን ገጠመው?»

«አናጺው» አለ ቶላርድ።

«ጎበዝ አናጺ ነው። መጋዙንም በደንብ ስሎታል። ይዳስሱት፣ ጠርዙ ጢም ይላጫል።»

ቶላርድ በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱን ፈጥኖ ሳበ፤ ወዲያው ፊቱ ቀላ። ቶማሲን ከምድጃው አመድ አስመጥታ፣ በክር ላይ ነስንሳ፣ ስለቱን ፈትጋ ፈትጋ አለዘበችው። ሰም ቀባችው። ከጉያዋ አዲስ አውታር አውጥታ አሰረችና ጆሮዋን አስጠግታ ቃኘችው።

«እንግዲህ ይሞክሩት» አለችና ልትወጣ ስትል ሽማግሌው በዓይናቸው የበሩን ዳር አሳዩአት። እዚያው ቆመች።

አሥራ ስድስት ዓመት አውታር ሠርታለች። ሆኖም ከአንድ ክር በላይ በአንድ ጊዜ ሲዘምር ሰምታ አታውቅም ነበር። አራቱ ደጋኖች አንድ ላይ ሲነሡ አየች። መጀመሪያ አንደኛው ብቻውን ጀመረ፤ ያለውን ሁለተኛው ተቀብሎ ደገመው፤ ሦስተኛው ተቀበለ፤ ቀስ በቀስም ወሬው የሁሉም ሆነ። ያ በወንዝ ዳር ያጠበችው፣ በአመድ ውሃ የዘፈዘፈችው፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያለፈው አንጀት አሁን የሰውን አንጀት ይበላል። አይቶት በማያውቀው ነገር ፊት እንደቆመ ሰው አንገቷን ደፋች። ሲጨርሱ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ ቁልቁል ሄደች።

በሳምንቱ መምህር አምብሮዝ ለአውታር መጡና በርሜል ላይ ቁጭ አሉ።

«ያን ቀን ምን ሰማሽ?»

«መካከለኛዋን» አለች ቶማሲን ሳታመነታ። «እሜቴ ላይ ይሮጣሉ፣ ጌታው ታች ያጉረመርማሉ፣ እርስዎ እሜቴን ያሳድዳሉ። የጌታው እኅት ግን መሃል ሆነው ያስታርቋችኋል። ማንም የሚሰማቸው የለም። ቢያቆሙ ግን ቤቱ ይፈርሳል።»

«አሥር ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች አሉ» አሉ ሽማግሌው፤ «ይኸን ያልሰሙ።»

በተከታዩ ጸደይ ጆኮሳ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ ሚስቱ ለሞተችበት የብሪስቶል ነጋዴ ተዳረች። ስትሄድ የራሷን ቫዮል ይዛ ሄደች። ሐሙሶቹ መሃላቸው ጎደለ። ሦስቱ ለሦስት ሰው የተጻፈውን እየፈለጉ ሞከሩ፤ ሌቲስ ራስ ምታት ማብዛት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን መምህር አምብሮዝ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ወደ ቶማሲን ግቢ ወረዱ። ሲፈቱት መካከለኛ ቫዮል ነው፤ ጀርባው የማር ቀለም ያለው፣ አንገቱ ላይ የተጠረበች የአንበሳ ራስ ያለችው፣ የአንበሳዋ አንድ ጆሮ የተሸረፈ።

«የማን ነው?»

«ከሣጥን የወጣ ነው። እንጨት ካልተጫወቱበት ይሞታል። ቁጭ በይ፣ በጉልበትሽ መሃል ያዢው።»

«መምህር፣ ዕብደት ነው። ፊደል እንኳ የማውቀው በግድ ነው።»

«ይኸኛው ፊደል ከዚያኛው ይቀላል። አይዋሽም።»

ጀመሩ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተማረች። ሥራዋን ጠዋት ትጨርሳለች፤ ከምሳ በኋላ እጇን ሦስት ጊዜ በኮምጣጤ ትታጠብና ትቀመጣለች። እጆቿ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ፤ ነገር ግን በጨለማ ክርን ዳስሰው ውፍረቱን የሚናገሩ እጆች ናቸው። የግራ እጇ ቶሎ ለመደ። መከራዋ ደጋኑ ነበር።

«ደጋኑን እንደ ቢላ አትያዢው!» ይሏታል ሽማግሌው። «መዳፍሽን ወደ ላይ። ልመና እንደሚቀበል ሰው።»

«ለምኜ አላውቅም።»

«እንግዲያው ልመጂ።»

ወንድሟ ጄርቪስ፣ የአባታቸውን ሥጋ ቤት የወረሰው፣ አንጀት በቅርጫት ይዞ ሲመጣ ቆሞ አዳመጠ አንድ ቀን።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ያረድኩት በግ እንኳ እንዲህ አልጮኸም።»

«በግህ አስተማሪ አልነበረውማ።»

«ምን ልትሆኚ ነው ግን? ኮረብታው ላይ ወጥተሽ ከነቶላርድ ጋር ልትቀመጪ?»

ቶማሲን ቅርጫቱን ተቀብላ አንጀቱን ወደ በርሜሉ ገለበጠች። ነገሩ በልቧ ነበረ።

ሰው አፉ አይዘጋምና ወሬው ዳገቱን ወጣ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቶማሲን ግቢዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ስትጫወት በሩ ተከፈተና ሌቲስ ቶላርድ ገባች። እዚያ ሰፈር እግሯ ረግጦ አያውቅም። ጥቁር ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኗል። በርሜሎቹን አላየችም፤ አፍንጫዋንም አልያዘችም፤ የምታየው ቫዮሉን ብቻ ነበር።

«ከየት አመጣሽው?»

«መምህር ሰጡኝ እሜቴ። ከሣጥን የወጣ ነው አሉኝ።»

«የኤድመንድ ነው» አለች ሌቲስ። ድምፅዋ እንደ ውሸተኛ ክር ሁለት ሆነ። «የልጄ ነው። አንበሳዋን በሰባት ዓመቱ ጥሎ ነው ጆሮዋን የሰበራት። እኔ ነኝ የገረፍኩት።»

ቶማሲን ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላት። ሌቲስ ቫዮሉን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ሕፃን እንደያዘ ሰው አንገቱን በመዳፏ ደግፋ። በሩ ጋ ስትደርስ ሳትዞር ጠየቀች።

«አውታሮቹን ቀይረሻል?»

«ስድስቱንም። የድሮዎቹ ደርቀው ሞተው ነበር።»

ሌቲስ ሄደች። ቶማሲን ባዶ እጇን እያየች ቆየች።

ቶላርድ ነበር ለካ ቫዮሉን በስውር አውጥቶ ለሽማግሌው የሰጠው። መምህር አምብሮዝ በማግስቱ ባርኔጣቸውን ይዘው መጡ።

«ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

«አውቅ ነበር። ብነግርሽ አትነኪውም ነበር።»

«እውነት ነው፣ አልነካውም ነበር። ቢሆንም መምረጡ የኔ ነበር መምህር። ያቺ ሴት ቤቴ መጥታ የሞተ ልጇን ቫዮል ታቅፌ አገኘችኝ። ሌባ ነው ያደረጉኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውታር ሊወስዱ ሲመጡ ቶማሲን የሚፈልጉትን ትሰጣቸዋለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። እሳቸውም በርሜሉ ላይ አይቀመጡም። መከሩና የክረምቱ መጀመሪያ እንዲህ አለፈ። ቶማሲን በኋላ ዘመን ሁሉ የሚቆጫት እነዚያ ወራት ነበሩ። «ቂም ለመያዝ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር» ትል ነበር።

በጥር ወር ሽማግሌው ደረጃቸው ላይ ወደቁ። ግማሽ አካላቸው ደነዘዘ፤ ቀኝ እጃቸው፣ ደጋን የሚይዘው፣ አልታዘዝ አለ፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ኮርቻ ሰፊው ለቶማሲን ሲነግራት ሥራዋን እንዳለ ጥላ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአተር ሾርባና ለስላሳ ዳቦ እየያዘች በየቀኑ ተመላለሰች። ጢማቸውን የምትላጨውም እሷ ነበረች።

«አትላጪኝ፣ በዚያ... አጥንት... እንዳይሆን» አሏት አንድ ቀን በግማሽ አፋቸው፤ የአናጺውን ስለት ማለታቸው ነው። ቶማሲን ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ ቂሙም በዚያው አለቀ።

በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌው ያልተሰነካከለ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። «ሐሙስን መስማት እፈልጋለሁ።»

ቶማሲን የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ዳገቱን ወጣች። በሩን የከፈተችው አሁንም ሌቲስ ነበረች። ቶማሲን አንገቷን አላጎነበሰችም፣ ቃልም አላበዛችም።

«መምህር እየሄዱ ነው እሜቴ። ሐሙስን መስማት ይፈልጋሉ። ወደዚህ መምጣት አይችሉም። እኔ ስለራሴ አልመጣሁም፤ እናንተ ሁለታችሁ ብትመጡ ይበቃቸዋል።»

ሌቲስ ቆማ አየቻት። አዎም እንቢም ሳትል በሩን ዘጋችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቶማሲን የሽማግሌውን ትራስ እያስተካከለች ሳለ ደረጃው ላይ የብዙ እግር ኮቴ ተሰማ። መጀመሪያ ቶላርድ ትልቁን ቫዮል ታቅፎ እያለከለከ ገባ። ቀጥሎ ሌቲስ። በአንድ እጇ የራሷን ትንሽ ቫዮል ይዛለች። በሌላው ክንዷ ደግሞ አንበሳዋን።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ አልጋውና አንድ ወንበር ከገቡ ሌላ ቦታ የለም። ኮርቻ ሰፊው ከታች ሁለት በርጩማ አቀበላቸው። ቶላርድ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሌቲስ ግራ ቀኝ አየች፤ ከአልጋው እግርጌ በቀር ስፍራ አልነበረም፣ እዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ካልተነካካ አይቀመጥም። አንበሳዋን ለቶማሲን ዘረጋችላት።

«ያዢው» አለች። «ከእኔ ይልቅ አንቺን ለምዷል።»

«እሜቴ...»

«ያዢው አልኩሽ። ሰውየው እየጠበቀ ነው።»

ለአራት የተጻፈ ነበር የመረጡት፤ ሽማግሌው የሚወዱት። የሳቸው ድርሻ ባዶ ይሆናል ብለው ተስማምተው ነው የጀመሩት። ቶላርድ ከታች ተነሣ፤ ቶማሲን ተቀበለችው። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ደጋኑን ለቀቅ አደረገችው። ሌቲስ ገባች። ልክ ሁለተኛው ትንሽ ቫዮል መግባት በሚገባው ቦታ፣ ከአልጋው ላይ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ ግን ከዜማው ፈቀቅ ያላለ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ድርሻቸውን በግማሽ አፋቸው ያንጎራጉሩ ነበር።

ሌቲስ ይኸን ጊዜ ደነገጠች፤ ዓይኗ ከወረቀቱ ላይ ተነሣ፤ ስፍራዋ ጠፋት። ደጋኗ አየር ላይ ቀረ። ቶማሲን አየቻትና የራሷን ሳታቋርጥ፣ ሌቲስ ልትይዘው የሚገባትን ድምፅ ትንሽ አጉልታ፣ ትንሽ አቆይታ ሰጠቻት። ሌቲስ እሱን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሌቲስ ወረቀቱን ትታ የቶማሲንን እጅ እያየች ነው እስከ ፍጻሜው የተጫወተችው።

ሲጨርሱ ከታች የኮርቻ ሰፊው መዶሻ ቆሞ ነበር።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ትልቁ... ቸኮለ» አሉ።

ቶላርድ «ሁልጊዜ ነው የምቸኩለው መምህር» ብሎ መሐረቡን አወጣ።

መምህር አምብሮዝ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖሩ። ቶማሲን እጃቸውን ይዛ ነበር ሲያርፉ፤ ያንን የማይታዘዘውን ቀኝ እጅ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሐሙስ የቶላርድ አሽከር ቁልቁል መጣ። አውታር የሚፈልግ መስሏት ልታስመርጠው ስትነሣ፣ «አይ» አለ ልጁ እግሩን እያየ፤ «እሜቴ ‘ለምን ዘገየች’ ብለዋል።» ስትደርስ ያገኘችው የፊት ለፊቱን በር ክፍት ሆኖ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ወንበር ተደርድሯል። ሌቲስ ሰላም አላለቻትም፤ ተነሥታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

እንዲያ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ዘለቀ። ሌቲስ ቶማሲን በገባች ቁጥር መስኮት ትከፍታለች፤ በበረዶም ቢሆን።

«እሜቴ፣ ብርድ ይገድልዎታል እኮ።»

«ከብርዱ ጋር እስማማለሁ። ካንቺ በርሜል ጋር ነው ያልተስማማሁት።»

«ሦስት ጊዜ ነው የታጠብኩት።»

«አራት ሞክሪ።»

ጓደኛሞች ሆኑ ለማለት ያስቸግራል። አብረው ማዕድ አልቆረሱም። ሌቲስ ስለ ልጆቿ ለቶማሲን አንሥታ አታውቅም፤ ቶማሲንም ስለ ጊልበርት። ነገር ግን አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ቆማ የምትጠብቅበት አንድ ቦታ በሳምንት አንድ ቀን ነበራቸው። ብዙ ባልና ሚስት ይኸ የለውም። አንድ ሐሙስ ሌቲስ የሱፍ ጨርቅ አመጣችና «ይኸ ቤት እርጥበት በዛበት፣ ቫዮሉን አንቺ ጋ አሳድሪው» አለች። እርጥበትማ ወንዙ ዳር ነው ያለው። ቶማሲን ግን ጠቅልላ ወሰደችው፤ ሌቲስም ከዚያ በኋላ መልሺ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

የንጉሡ ልጅ ከስደት ተመልሶ ሲነግሥ ብዙ ነገር አብሮት ተመለሰ፤ ጳጳሳቱም፣ ኦርጋኑም፣ ጭፈራውም። ከለንደን የመጡ ወጣቶች ቫዮሊን ትከሻቸው ላይ አድርገው በየሠርጉ ሲያስጨፍሩ የከተማው ልጆች ሁሉ እሱን ፈለጉ። ቫዮል የሽማግሌ ነገር ሆነ። ቶላርድ በልብ ድካም ሞተ። ሁለቱ ሴቶች ለሁለት የተጻፈውን እየመረጡ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ የሌቲስ ዓይን ፈዘዘ፣ በቃሏ የያዘችውን ብቻ መጫወት ጀመረች፤ እሱም እየተንጠባጠበ አለቀ። በአንድ መስከረም እሷም አረፈች። ሣጥኑን የወንድሟ ልጅ ወሰደው። ከስድስቱ አልጋዎች፣ ከጆኮሳው ሌላ፣ አንድ ባዶ መኖሩን አይቶ ጠይቆ ነበር ይባላል፤ ሠራተኞቹ ግን እንደማያውቁ ነገሩት።

ቶማሲን ለቫዮሊን የሚሆን ቀጭን አውታር መሥራት ተማረች፤ ሥራ አልጎደላትም። እንዲያውም በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ከመቼውም ይበልጥ አንጀት ታጥብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ አትነካም። ከአጥሩ አጠገብ በርጩማ አውጥታ የመካከለኛውን ድርሻ ብቻዋን ትጫወታለች። ብቻውን ሲሰማ እንግዳ ዜማ ነው፤ ይጀምርና ይቆማል፣ አንድ ድምፅ ላይ ብዙ ይቆያል፣ መሃል ላይ ዝም ይላል። መንገደኛው ረስታው ይሆናል ብሎ ያልፋል።

ጄርቪስ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ አሁንም ቅርጫቱን ይዞ ይመጣል። አንድ ሐሙስ ቅርጫቱን አስቀምጦ ቆመ። ደጋኗን አንሥታ ዝም አለች፤ ዝምታው ረዘመበት።

«ምነው አቆምሽ? ጠፋሽ እንዴ?»

ቶማሲን በእግሯ እየቆጠረች ነበርና ራሷን ነቀነቀች። «አልጠፋኝም። አሁን ተራው የእሜቴ ነው። ቀጥሎ መምህር ይገባሉ።»

ጄርቪስ ድሮ ቢሆን የሚመልሰው አያጣም ነበር። አሁን ግን በርሜል ፈልጎ ቁጭ አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ጌታው ቶላርድስ?» አለ ዝግ ብሎ።

«እሳቸውማ ገብተዋል» አለች ቶማሲን። «እንደ ልማዳቸው ቸኩለው።»

ደጋኗንም አወረደችና ቀጠለች።